የታክሮሊመስ ሌቭል፦ ኩላሊት ከተተከለ በኋላ ደሙ መቼና እንዴት ይቀዳል? ውጤቱስ እንዴት ይነበባል?

ታክሮሊመስ (ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ደም ከመቀዳቱ በፊት የጠዋቱን ካፕሱል ከዋጠ የዕለቱ ምርመራ ከንቱ ነው። ከንቱ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ ጉዳትም ያስከትላል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይመጣል፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንሳል፤ ለካስ የሰውየው እውነተኛ መጠን ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሲጨምር ምክንያቱ ይፈለጋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ሌቭል ሲባል በደም ውስጥ የተገኘው የመድኃኒቱ መጠን ቁጥር፣ የመጨረሻው ካፕሱል የተዋጠበት ሰዓትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ሦስቱም በአንድነት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በዚያ ውጤት መድኃኒት መቀየር አይገባም።

መመሪያው ኩላሊት ለተተከለላቸው፣ ለአስታማሚዎቻቸውና ደም ለሚቀዱ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የንቅለ ተከላ ማዕከል በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚሁ አገር ቤት የተተከለላቸው አሉ፤ ሕንድና ሌላ አገር ሄደው ተተክሎላቸው ለክትትል የተመለሱም አሉ። መድኃኒቱን የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የክትትል ሐኪሙ ብቻ ነው። የታካሚውና የነርሱ ድርሻ ሐኪሙ የሚወስንበት ቁጥር እውነተኛ እንዲሆን ማድረግ ነው።

የአንዱ መጠን ለሌላው ለምን አይሆንም?

ታክሮሊመስ የሰውነት መከላከያ ሴሎች አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቁ ይገታል። ከሚያስፈልገው ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን አልቀበል ይላል፤ ከበዛ ደግሞ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። መድኃኒቱን የሚሰባብሩት በአንጀትና በጉበት ያሉ ኢንዛይሞች ከሰው ሰው ይለያያሉ። በተለይ ሲዋይፒ3ኤ5 የሚባለው ኢንዛይም በደንብ የሚሠራላቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚጨርሱት ከሌላው ሰው 1.5 እስከ 2 እጥፍ መጠን ያስፈልጋቸዋል፤ ይህም የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። በክትትል ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ «አንተ 2 ሚሊ ግራም፣ እኔ 5 ለምን?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚነጻጸረው በደም ውስጥ የተገኘው ቁጥር እንጂ የካፕሱሉ ብዛት አይደለም።

ደረጃ 1፦ የመዋጫ ሰዓቱን ከላቦራቶሪው ሰዓት ተነሥቶ መምረጥ

በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል። ደሙ የሚቀዳው 12ኛው ሰዓት ሲሞላ፣ ቀጣዩ ካፕሱል ሳይዋጥ ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ይደርሳል፤ ሐኪሞች የሚመሩባቸው የዒላማ ቁጥሮችም የተሠሩት በዚህ ነጥብ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚወሰደው ዓይነት ደሙ የሚቀዳው 24ኛው ሰዓት ላይ ነው።

ብዙዎች ሰዓቱን የሚመርጡት ለእንቅልፍ ወይም ለሥራ እንዲመች ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ላቦራቶሪው ደም የሚቀበልበት ሰዓት ነው። ደም የሚቀዳው ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ለመዋጫ የሚመቸው ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት መዋጥ የለመደ ሰው በምርመራ ቀን ሳይውጥ እስከ 3 ሰዓት ቢቆይ ደሙ የሚቀዳው በ15ኛው ሰዓት ይሆናል። የመድኃኒቱ መጠን በአማካይ በ12 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ12ኛው ሰዓት 8 ይሆን የነበረው ቁጥር በግምት ወደ 6.7 ይወርዳል። ይህ ልዩነት ብቻውን «መድኃኒቱ አነሰ» ሊያሰኝ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ማለት ግድ የለም፤ ከዚያ ካለፈ ትክክለኛውን ሰዓት ጽፎ ማስረከብ ግዴታ ነው።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር እዚህ አለ። ከሕንድ፣ ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገሮች የሚመጣ ወረቀት ሰዓቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይጽፋል። ጠዋት 8 ሰዓት ተብሎ የታዘዘው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አስታማሚ እናት ወይም አባት «8 ሰዓት» የሚለውን ከሰዓት በኋላ አድርገው ከተረዱት አንዱ ልዩነት 18 ሰዓት፣ ሌላው 6 ሰዓት ይሆናል። በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 3፣ ማታ 3» ብላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፤ ስልኩም ላይ ደወል ሙሉ።

ደረጃ 2፦ ከምርመራው በፊት ያሉ ቀናት

ሌቭሉ ትርጉም የሚኖረው ቢያንስ ለ3 ቀን ያህል መጠኑ ሳይቀየርና ሳይዘለል ከተወሰደ ነው። ዓርብ መጠኑ ተቀይሮ ቅዳሜ የሚቀዳ ደም አሮጌውንና አዲሱን መጠን የቀላቀለ ቁጥር ይሰጣል። መሐል ላይ የተዘለለ ካፕሱል ካለ አትደብቁ፤ በሐቀኝነት ተናገሩ። ሐኪሙ የዘለላችሁትን ሳያውቅ ዝቅ ያለውን ቁጥር ብቻ ካየ መጠኑን ይጨምራል፤ እናንተም አዲሱን መጠን በሥርዓት መዋጥ ስትጀምሩ ቁጥሩ ከልክ በላይ ይወጣል።

በዋዜማው ማታ ካፕሱሉን እንደዋጣችሁ ሰዓቱን ጻፉ። «ማታ 3 አካባቢ» ሳይሆን «ማታ 3፡10» ብላችሁ። በምርመራው ጠዋት ካፕሱሉን ከመድኃኒት ማስቀመጫው አውጥታችሁ በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን በልማድ ተውጦ የሚገኘው ከተለመደው ቦታው ላይ ሲቀመጥ ነው። ደሙ እንደተቀዳ ወዲያው ዋጡት። ሌሎቹ የጠዋት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በሰዓታቸው ይወሰዳሉ።

ካፕሱሉን ውጣችሁ ከተገኛችሁስ? ደሙ አይቀዳ። በሌላ ቀን ተመለሱ። ታክሮሊመስ ከተዋጠ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ ቁጥሩ የዝቅተኛው ነጥብ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ክልል መጥታችሁ መመለስ የማይቻል ከሆነ ማታ ላይ 12ኛው ሰዓት ሲሞላ ደም የሚቀዳበት ክፍል እንዳለ ጠይቁ። ያም ካልተቻለ የተዋጠበት ሰዓት በጥያቄ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ደረጃ 3፦ ደም አቀዳድ፣ ለነርሶችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች

መርፌ ከማውጣት በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ዛሬ ጠዋት ታክሮሊመስ ውጠዋል? ትናንት ማታ የዋጡት ስንት ሰዓት ነው? የሚወስዱት በቀን አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ? መልሱ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ታካሚው «አዎ፣ መድኃኒቴን በደንብ ወስጄያለሁ» ካለ በኩራት ነው የሚናገረው፤ ጥሩ ታካሚ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። በዚህ አትሸወዱ፤ የትኛውን መድኃኒት እንደወሰደ ደግማችሁ ጠይቁ።

ቱቦው ሐምራዊ ክዳን ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ነው፤ 2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ታክሮሊመስ በደም ውስጥ የሚቀመጠው በአብዛኛው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ስለሆነ የሚለካው በሙሉ ደም ነው። በቀይ ወይም በቢጫ ክዳን ቱቦ ተቀድቶ ሴረሙ ቢለይ መድኃኒቱ ከሴሎቹ ጋር ተጥሎ ይቀራል። በዚሁ ምክንያት የኢዲቲኤው ቱቦ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ አይገባም። ከተቀዳ በኋላ 8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል፣ አይንቀጠቀጥም። የረጋ ደም ያለበት ናሙና አይሠራም።

በአብዛኛው ክሬቲኒንና ፖታሲየም አብረው ይታዘዛሉ። የእነዚህ ቱቦ ከሐምራዊው በፊት ይቀዳል። ኢዲቲኤው የፖታሲየም ጨው ስላለበት ጥቂቱ እንኳ ወደ ሌላው ቱቦ ከተላለፈ ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ታክሮሊመስ ራሱ ፖታሲየምን የሚጨምር መድኃኒት በመሆኑ ይህ ስሕተት በቀላሉ እውነት ይመስላል፤ ሰውየውም ላልተገባ ሕክምና ይዳረጋል።

ፊስቱላ (ለኩላሊት እጥበት የተሠራ የደም ሥር ማገናኛ) ያለበት ክንድ አይነካ። ሆስፒታል ተኝቶ ታክሮሊመስ በደም ሥር የሚሰጠው ታካሚ ካለ፣ መድኃኒቱ በገባበት መስመር ደም አይቀዳም፤ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ ስለሚጣበቅ መስመሩ ቢታጠብም እንኳ ሐሰተኛ ከፍተኛ ቁጥር ይመጣል። ናሙናው ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጥ፤ በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ስም፣ ቀንና የተቀዳበት ሰዓት ታካሚው ፊት ለፊት ሳለ ቱቦው ላይ ይጻፋል።

ደረጃ 4፦ ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ የሚጻፈው በናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ ማይክሮግራም በሊትር ይላል፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ማባዛት ማካፈል የለበትም። ለኩላሊት ብዙ ማዕከላት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከ8 እስከ 12፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ5 እስከ 8 አካባቢ ይፈልጋሉ። ይህ የሁሉም ዒላማ አይደለም። አብሮ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ከዚህ በፊት የታየ የሰውነት እምቢታ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ዒላማውን ከፍም ዝቅም ያደርጋል። የራሳችሁን ዒላማ ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት። ላቦራቶሪው ከውጤቱ ጎን ያተመው «መደበኛ መጠን» ለእናንተ የተሠራ አይደለም፤ በእርሱ አትደንግጡ፣ በእርሱም አትጽናኑ።

በተቻለ መጠን ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ተጠቀሙ። በኢሚውኖአሴይ የሚሠራ ማሽን የመድኃኒቱን ስባሪዎችም አብሮ ስለሚቆጥር በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከሚሠራው ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የግድ ሆኖ ላቦራቶሪ ከተቀየረ ይህን ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያለዚያ የማሽኑ ልዩነት የሰውነታችሁ ለውጥ ይመስላል። የደም ማነስም ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቀይ ሴል ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ አብሮ ይታይ።

ነጠላ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ መስመሩ ነው የሚናገረው። አንድ ሰው በአራት ምርመራ 7፣ 11፣ 5 እና 9 ቢያመጣ አማካዩ 8 ነው፣ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን መዋዠቁ ከአማካዩ አንጻር ከ30 በመቶ በላይ ነው፤ እንዲህ ዓይነት መዋዠቅ የሚታይባቸው ሰዎች ኩላሊታቸውን የማጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ተደጋግሞ ታይቷል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተዘለለ ካፕሱል፣ የሚቀያየር የመዋጫ ሰዓት፣ ምግብ ወይም አዲስ መድኃኒት ነው። መጠን ከመቀየር በፊት እነዚህ ይመርመሩ።

በደብተሩ ላይ አንድ መስመር እንዲህ ይሁን፦ ቀን፣ የቀኑ ጠቅላላ መጠን በሚሊ ግራም፣ የመድኃኒቱ የንግድ ስም፣ የተዋጠበት ሰዓት፣ የተቀዳበት ሰዓት፣ ሌቭል፣ ክሬቲኒን፣ በዚያ ሳምንት የተጨመረ መድኃኒት ወይም የታየ ሕመም። ሌቭሉን ለቀኑ መጠን ብታካፍሉት ደግሞ ጠቃሚ ቁጥር ታገኛላችሁ። በ6 ሚሊ ግራም 9 ከመጣ 1.5 ነው፤ በሚቀጥለው ወር በዚያው 6 ሚሊ ግራም 4.5 ከሆነ 0.75 ነው። ካፕሱሉ ሳይለወጥ ይህ ቁጥር በግማሽ ከወረደ አንድ ነገር ተለውጧልና ተፈልጎ ይገኝ።

ደረጃ 5፦ መጠን ሲቀየርና ድጋሚ ሲለካ

ሐኪሙ የሚያሰላው ቀለል ባለ ሒሳብ ነው። በቀን 6 ሚሊ ግራም እየተወሰደ ሌቭሉ 12 ከሆነና ዒላማው 8 ከሆነ፣ 6 በ8 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 4 ይመጣል፤ ጠዋት 2፣ ማታ 2 ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው 12ቱ እውነተኛ ዝቅተኛ ነጥብ ከሆነ ብቻ ነው። ድጋሚ የሚለካው ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ ነው፤ በማግሥቱ ለክቶ እንደገና መቀየር መጠኑን ከላይ ወደ ታች ያንገላታዋል።

በሆስፒታል ቆይታ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለካል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ወር በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ፣ እስከ 3ኛው ወር በየሳምንቱ ገደማ፣ ቀጥሎ በየ2 ሳምንቱና በየወሩ፣ ከዓመት በኋላ ሁሉ ነገር የተረጋጋ ከሆነ በየ2 ወይም 3 ወሩ። መድኃኒት ሲጨመር፣ ሲቋረጥ፣ ተቅማጥ ሲይዝ ወይም ክሬቲኒን ሲወጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሌቭሉን የሚያናውጡ ነገሮች

ከፍ የሚያደርጉት በየፋርማሲው የሚገኙ መድኃኒቶች ናቸው፦ ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል፣ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ ዲልቲያዜምና ቬራፓሚል። በአገራችን በተለይ የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና ልብ ይባል። ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ ሆኖ ሲሰጥ አንዱ ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን ነው፤ ታክሮሊመስ የሚወስድ ሰው ያንን ሳይነግር ከጀመረ በቀናት ውስጥ ሌቭሉ በጣም ሊወጣ ይችላል። ሪቶናቪር ያለባቸው የኤችአይቪና የኮቪድ መድኃኒቶች ከሁሉ የበረቱ ናቸው፤ ያለ ንቅለ ተከላ ሐኪሙ ዕውቀት ፈጽሞ አይጀመሩ።

ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ ዋናው ሪፋምፒሲን ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ቲቢ ሲይዘው ሕክምናው ሪፋምፒሲን ካለበት የታክሮሊመስ መጠን በብዙ እጥፍ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሌቭሉም በየጥቂት ቀኑ ይለካል። ሐኪሞች አንዳንዴ በምትኩ ሪፋቡቲንን ይመርጣሉ። ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ አደጋው ይገለበጣል፦ ሪፋምፒሲን ያበረታው የኢንዛይሙ ኃይል በ2 ሳምንት ገደማ ውስጥ ይበርዳል፣ መጠኑ በጊዜ ካልተቀነሰ ሌቭሉ ወደ ላይ ይሮጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪረንዝ ዝቅ ያደርጉታል። አብሮ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ቀስ በቀስ ሲቀነስ ታክሮሊመስ ትንሽ መውጣቱም የሚጠበቅ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሌቭሉን ሳይነኩ ኩላሊቱን በቀጥታ ስለሚጎዱ ለወገብም ለራስ ምታትም አይወሰዱ።

ተቅማጥ ሰውን ያሳስታል። መድኃኒቱ ከአንጀት ታጥቦ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል፤ ታክሮሊመስ ግን ብዙ ጊዜ ይጨምራል። የአንጀት ግድግዳ ሲታመም መድኃኒቱን እዚያው ይሰባብሩ የነበሩ ኢንዛይሞች ስለሚዳከሙ ነው። ተቅማጡ ከ1 ቀን ካለፈ ደውሉ፣ ሌቭልና ክሬቲኒን ይሠራ። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ የሚከለከሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ስብ የበዛበት ምግብ የመድኃኒቱን መመጠጥ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 እስከ 3 ሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት መንገድ ይዋጥ። ከዐቢይ ጾም ወደ ፋሲካ ሲገባ፣ ከሽሮ ወደ ዶሮ ወጥና ወደ ቅቤ ሲሸጋገር ካፕሱሉ ከማዕዱ ጋር እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ። በጾም ካፕሱሉን በውኃ መዋጥ ለሕመምተኛ የሚፈቀድ መሆኑን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በራስ ፈቃድ ሰዓት ማሻገር ግን አይገባም። በረመዳን፣ በኢትዮጵያ በሱሁርና በኢፍጣር መካከል ያለው ጊዜ ለ12 ሰዓት ቅርብ ስለሆነ ሰዓቱ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ የውኃ ጥሙ ግን ኩላሊቱን ይነካል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ሳያማክሩ መጾም አይቻልም።

ግሬፕ ፍሩት በጭማቂም በፍሬም ክልክል ነው፤ የአንጀቱን ኢንዛይም ይዘጋል። ጤና አዳም ውስጥም የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካሎች ስላሉ ከቡናው ውስጥ ይውጣ። ሌላውም የባህል መድኃኒት፣ የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ሁሉ ሐኪሙ ሳያውቀው አይወሰድ።

የንግድ ስም ሲቀየር

ፕሮግራፍና ፓንግራፍ በቀን ሁለቴ የሚወሰዱ፣ አድቫግራፍ በቀን አንዴ የሚወሰድ ታክሮሊመስ ናቸው። ፋርማሲው «ያው ነው» ብሎ ቢሰጥም አንዴ የሚወሰደው በሁለቴው ቦታ ሊገባ አይችልም። በሁለቴዎቹ መካከልም የተሠራበት ኩባንያ ከተቀየረ በሳምንት ውስጥ ሌቭል ይሠራ። በእጃችሁ ያለው መድኃኒት እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ የ2 ሳምንት ሲቀር ቀጣዩን ፈልጉ።

ሌሎቹ መድኃኒቶች

ኩላሊት ለተተከለለት ሰው በታክሮሊመስ ቦታ ወይም ከእርሱ ጋር የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ሰው ቁጥሩ በመቶ ቤት ነው፣ ከታክሮሊመስ ጋር አይነጻጸርም። አንዳንድ ማዕከል ከተዋጠ ልክ 2 ሰዓት ሲሞላ መለካት ይመርጣል፤ እንዲህ ሲሆን ከ15 ደቂቃ በላይ መዛነፍ ውጤቱን ያበላሸዋል። ሲሮሊመስ ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ስለሆነ መጠኑ ከተቀየረ 1 እስከ 2 ሳምንት ሳይሞላ መለካት ጊዜ ማባከን ነው። ኤቨሮሊመስ ከ5 ቀን በኋላ ይለካል፣ ዒላማውም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 8 ነው። ማይኮፌኖሌት እንደ ልማድ በአንድ ቁጥር አይከታተሉትም። ሐምራዊው ክዳንና የሰዓት መዝገቡ ግን ለታክሮሊመስ እንደተባለው ለሳይክሎስፖሪን፣ ለሲሮሊመስና ለኤቨሮሊመስም ይሠራል።

ውጤት ሳይጠበቅ የሚደወልባቸው ምልክቶች

አዲስ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት ወይም የሚጥል ሕመም መድኃኒቱ መብዛቱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የሽንት መቀነስ፣ የእግር ማበጥ፣ ትኩሳት ወይም ኩላሊቱ የተተከለበት ቦታ ላይ የሚሰማ ሕመም ደግሞ ሰውነት ኩላሊቱን እየተቃወመ ወይም ኢንፌክሽን እየገባ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን እምቢታው ያለ ምንም ምልክት ይጀምራል፤ ቀጠሮ መዝለል የማይገባውም ለዚህ ነው። ካፕሱሉ ከተዋጠ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ ብዙ ማዕከላት ይደገም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የተዘለለ ካፕሱል ሲታወስ ሁለት በአንድ ጊዜ አይዋጥም። በስልክ ስትደውሉ ደብተሩን በእጃችሁ ያዙ፤ የመጨረሻው ሌቭል፣ የቀኑ መጠንና የመጨረሻው ካፕሱል የተዋጠበት ሰዓት መጀመሪያ የምትጠየቁት ናቸው።